እንቁላሉ ከየት በኩል ይሰበር? የባይት ቅደም ተከተል ታሪክ

በመገናኛ መጽሔታችን ላይ ስለ ባይት መጻፍ ለአንዳንዶቻችሁ የፈተና ሳምንት ያስታውሳችሁ ይሆናል። ይቅርታ እየጠየቅሁ ልቀጥል፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ ቀን ስንጽፍ ከቀኑ ጀምረን ወደ ዓመቱ እንሄዳለን። ቻይናዎች ከዓመቱ ይጀምራሉ። ሁለቱም ልክ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳይጠይቅ ሲያነበው ነው። ኮምፒውተርም እንደዚሁ ነው። ባለ 32 ቢት ቁጥር አራት ባይት ስለሆነ ሜሞሪ ላይ ሲቀመጥ ወይ ትልቁ ባይት ይቀድማል፣ ወይ ትንሹ። ካልተግባቡ 1 የነበረው ቁጥር 16,777,216 ሆኖ ይነበባል።

አይቢኤም በ1964 ያወጣው ሲስተም/360 ከትልቁ ይጀምር ነበር። ከትንሹ የመጀመሩ ልማድ አንዱ ምንጭ ደግሞ ዳታፖይንት 2200 የተባለው የቴክሳስ ማሽን ነው። ይህ ማሽን ቁጥር የሚደምረው ቢት በቢት ስለነበር፣ ልክ እኛ በወረቀት ስንደምር ከአንድ ቤት እንደምንጀምረው፣ ትንሹ ቀድሞ መምጣት ነበረበት። ኢንቴል ለዚሁ ማሽን ታስቦ የተጀመረውን 8008 በ1972 ሲያወጣ ልማዱን ወረሰ፤ 8086ም በ1978 ተከተለ። አብዛኞቻችን ዛሬ የምንሠራበት ላፕቶፕ እንግዲህ የዚያ የድሮ ማሽን ልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሞቶሮላ በበኩሉ 68000ን ከትልቁ አስጀመረው።

ጠቡን ስም የሰጠው ዳኒ ኮሄን ነው። ኤፕሪል 1 ቀን 1980 ባሰራጨው ጽሑፍ፣ በጆናታን ስዊፍት የጉሊቨር ታሪክ ውስጥ እንቁላል ከየትኛው ጫፍ ይሰበር ብለው ከሚጣሉት ሰዎች ስም ተውሶ፣ አንዱን ወገን «ቢግ ኢንዲያን»፣ ሌላውን «ሊትል ኢንዲያን» አላቸው። ሰው ቀልዱን ነው የሚያስታውሰው። በኔ ግምት ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ የትኛውም ይመረጥ፣ ዋናው መስማማቱ ነው ማለቱ። ኢንተርኔት ከትልቁ መጀመርን መረጠ። የኛ ፊደልም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም፤ በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስንገባ «ሀ» 1200 የሚል ኮድ ተሰጣት፣ ሁለቱ ባይቶች ሲገለበጡ 0012 ትሆናለች፤ ይህ ደግሞ ፊደል ሳይሆን የመቆጣጠሪያ ምልክት ነው።

ታዲያ መስማማት በሌለበት ሸክሙን ማን ይሸከም? እዚህ ላይ ነው ድራይቨር ጸሐፊው የሚመጣው። በ1992 የወጣው ፒሲአይ ከትንሹ ይጀምራል፤ ካርዱ ግን ከትልቁ በሚጀምር ፓወርፒሲ ላይም ሊሰካ ይችላል። ሊነክስ የወሰደው መፍትሔ ብልህ ይመስለኛል። የካርዱን ሬጅስተር የሚያነቡትና የሚጽፉት «ሪድኤል» እና «ራይትኤል» ካርዱ ከትንሹ እንደሚጀምር ቆጥረው፣ ካስፈለገ ራሳቸው ይገለብጣሉ። ያንኑ ድራይቨር በሁለቱም ማሽን ማስኬድ ይቻላል። ለጥንቃቄ ብሎ በእጁ የሚገለብጥ ሰው ግን ሁለቴ ገልብጦ ቁጭ ይላል!

አደገኛው ቦታ ሌላ ነው። ካርዱ ራሱ ከሜሞሪ በሚያነብበት ጊዜ (ዲኤምኤ የምንለው) ፕሮሰሰሩ ትእዛዙን እዚያ የሚጽፈው በተራ አጻጻፍ ነው፤ መሐል ገብቶ የሚገለብጥለት የለም። ጸሐፊው «64 ባይት እዚህ ጻፍ» ብሎ ሳይገለብጥ ቢተወው፣ ካርዱ 1,073,741,824 ብሎ ያነበዋል። ወሰኑን የሚያጣራ ነገር ከሌለ የሌላውን ሜሞሪ እየደመሰሰ ይሄዳል፤ ብልሽቱም ከድራይቨሩ ርቆ ሌላ ፕሮግራም ላይ ይታያል። ክፋቱ ደግሞ ጸሐፊው በኢንቴል ማሽን ሲሞክረው ምንም አይታየውም፤ እዚያ መገልበጥ አያስፈልግማ።

ለዚህ ነው ከርነሉ ውስጥ «ከትንሹ የሚጀምር» እና «ከትልቁ የሚጀምር» ቁጥር ለየብቻ ዓይነት የተሰጣቸው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2003 የጀመረው ስፓርስ የተባለ መመርመሪያ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ፕሮግራሙ ገና ሳይሠራ ያስጠነቅቃል።

ዛሬ ትንሹ ያሸነፈ ይመስላል። አፕል በ2006 ወደ ኢንቴል ተሻገረ፤ የአይቢኤም ፓወር ማሽኖችም ከ2014 ወዲህ ከትንሹ በሚጀምር ሊነክስ ይሠራሉ። የኢንተርኔቱ ስምምነት ግን እንዳለ ነው። ብዙዎቹ የኔትወርክ ካርዶች የፓኬቱን ርዝመት የሚነግራቸውን ቁጥር ከትንሹ ያነባሉ፤ እዚያው ፓኬት ውስጥ ያለው የአይፒ አድራሻ ደግሞ አሁንም ከትልቁ ይጀምራል።