ደሜልዛን ባያገባትስ?

እህቶቼ፣ «ፖልዳርክ» የተባለውን የእንግሊዝ ድራማ ያያችሁት ትኖራላችሁ። ከዊንስተን ግራሃም ልብ ወለዶች ተወስዶ ቢቢሲ ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ያሳየው ነው። ቦታው ኮርንዋል፣ የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ያኔ የመዳብ አገር የነበረው ነው።

ሮስ የሚባል ወጣት በ1783 ከአሜሪካ ጦርነት ሲመለስ አባቱ ሞቷል፤ የሚወዳት ኤልሳቤጥም ለአጎቱ ልጅ ታጭታለች። የቀረው የተዘጋ የመዳብ ጉድጓድ ነው። እሱን ሊከፍት ሲነሳ ባለባንኩ ጆርጅ ዋርሌጋን ጠላት ሆኖ ይመጣበታል። አበዳሪዎቹም እነ ጆርጅ፣ በመዳብ ማቅለጡም ሥራ እጃቸው ያለበት እነሱው ናቸው። ሮስ መዳቡን በርካሽ እንዳይወስዱበት ከሌሎች ጋር ሆኖ ኩባንያ ያቋቁማል። በዚህ መሃል ለወጥ ቤት የቀጠራትን የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ ደሜልዛን፣ ያገባታል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ስፍስፍ አለላት። የሰው ቤት ሠራተኛ ሲሳካላት ማን ይጠላል? ግን ደግሞ «አሠሪዋ ባያገባትስ ኖሮ?» አልኩ። መልሱን ያገኘሁት በኮርንዋል እውነተኛ ታሪክ ውስጥ ነው።

እዚያ በማዕድን ቦታ የሚሠሩ ሴቶች «ባል ሜይደን» ይባሉ ነበር። «ባል» በአገሩ ቋንቋ የማዕድን ቦታ ማለት ነው፤ ከእኛ ባል ጋር አይገናኝም! ወንዶቹ ከታች ቆፍረው የሚያወጡትን ድንጋይ እነሱ ከላይ ሆነው በመዶሻ ይሰብራሉ፣ ጥሩውን ከማይረባው ይለያሉ። ብዙዎቹ ሥራውን የጀመሩት ገና በልጅነታቸው ነው። ከፀሐይ እንዲከልላቸው ፊትና አንገት የሚሸፍን ትልቅ የጨርቅ ቆብ ያደርጋሉ። ደሞዛቸው ግን ከወንዶቹ ያነሰ ነበር።

በ1860ዎቹ የመዳብ ዋጋ ወደቀና ብዙ ጉድጓዶች ተዘጉ። ወንዶቹ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ አሜሪካ፣ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዱ። አገር ቤት የቀረችው ሚስት ደብዳቤና ገንዘብ ትጠብቃለች፤ አንዳንዱ ይልካል፣ አንዳንዱ እዚያው ይጠፋል። ይሄን ለእኛ ማን ይነግረናል? ልዩነቱ፣ ዛሬ ላኪዎቹ እኛ ሴቶቹ መሆናችን ነው።

ድራማውን እዩት፤ ፍቅሩም ፉክክሩም ደስ ይላል። ደሜልዛን የሰው ዓይን ያየላት ግን አሠሪዋ ስላገባት ነው። መዶሻ ይዛ የዋለችዋ ማንም ባያገባትም ሠራተኛ ነበረች፤ ክብሯም ሙሉ ደሞዟም የሚገባት በሥራዋ ነበር። የእኛም እንደዚያው ነው።