የማዳመጫው አንዱ ጫፍ

እናላችሁ፣ ነገሩ የጀመረው በአንዲት ፍላሽ ነው። ያኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ሃንድአውቴን አሳምሬ ጽፌ በፍላሽ ለክፍል ተጠሪው ሰጠሁት፤ ተማሪው ሁሉ ተቀባበለው። ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪዬ በነጭ በትሩ ወለሉን መታ መታ እያደረገ ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«መምህር፣ ሃንድአውቱ አልተነበበልኝም» አለኝ።

ፍላሿ የተበላሸች መስሎኝ በራሴ ኮምፒዩተር ከፈትኩት። ፊደሉ ፍንትው ብሎ ይታያል። «ይሠራል እኮ!» አልኩት።

ልጁ አልተከራከረኝም። ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣ፤ የማዳመጫውን አንዱን ጫፍ በጆሮው ሰካና ሌላውን ወደ እኔ ዘረጋው። «እስቲ ያድምጡት» አለኝ።

አደመጥኩ። ስለ ስምጥ ሸለቆ የጻፍኩት ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ የቅንፍ፣ የኮከብና የመቶኛ ምልክት ሆኖ ይነበባል። አንድም የአማርኛ ቃል የለበትም። ሌሊቱን ሙሉ የደከምኩበት ካርታ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ግራፊክ» አለና አለፈው። በቃ፣ ያችን አንዲት ቃል።

ምክንያቱን ያስረዳኝ እሱው ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የኮምፒዩተር የፊደል መለያ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ይዘው የአማርኛ መልክ ያለብሱት ነበር። ላዩ «ሀ» ይመስላል፤ ውስጡ የላቲን ፊደል ነው። የእኛ ዓይን በመልኩ ይረካል። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፉን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ግን የሚያነበው ውስጡን ነው። እኔ ደግሞ ዩኒኮድ ከመጣ ስንት ዓመት አልፎት በልማድ በአሮጌው ፎንት እጽፍ ነበር።

የልጁ ስክሪን ሪደር ኤንቪዲኤ ይባላል። በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ማይክል ከረን የተባለ አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ነው፤ በኋላ ጄምስ ቴህ የተባለ ሌላ ዓይነ ስውር ወዳጁ ተጨመረ። የዘመኑ ስክሪን ሪደሮች ዋጋ የሚቀመስ ስላልነበር እነሱ የራሳቸውን ለዓለም በነፃ ለቀቁት።

«ብሬል የለህም?» ብዬ ጠየቅሁት። ያንንም አስረዳኝ። ብሬል ስድስት ነጥብ ነው፤ ስድስቱ ነጥብ የሚያወጣው 63 ቅርጽ ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ግን ዋናው ብቻ 231 ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ በዚያ ላይ ወረቀቱ ወፍራም ነው። አንድ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል። ሶፍት ኮፒ ለዚያ ልጅ ቅንጦት አልነበረም።

የዚያን ለት ማታ ሃንድአውቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በዩኒኮድ ጻፍኩት። ከካርታው ሥር እንዲህ የሚል አስገባሁ፦ «ስምጥ ሸለቆው ከአፋር ይነሳና ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል፤ ሐይቆቹ በሸለቆው ውስጥ ተከታትለው ተደርድረዋል።» አንብቤው ግን አልረካሁም። ካርቶን ፈለግሁ። የሸለቆውን ሁለት ጠርዝ በክር፣ ሐይቆቹን በምስር እያደረግሁ በሙጫ ለጠፍኳቸው፦ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሀዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ።

በማግስቱ ልጁ በሁለት ጣቱ ክሩን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ምስሩ ጋ ሲደርስ ቆም፣ እንደገና ወረድ፣ ደግሞ ቆም ይላል። «ለካ ሐይቆቹ ሸለቆውን ተከትለው ነው የሚሄዱት!» አለ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ዓይኗ ደህና የሆነ ልጅ ተነስታ መጣችና «እኔም ልንካው» አለች። ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሌላው። ካርቶኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ክፍለ ጊዜው አለቀ። ለአንድ ልጅ ብዬ የሠራሁት ለአርባው ደረሰ።

እንግዲህ የተማረክሁት በዚያች ቅጽበት ነው። ይህ ነገር ሙያ ይሆን ወይ ብዬ ማሰስ ጀመርኩ። ለካ ሙያ ነው፤ ኢንስትራክሽናል ዲዛይን ይሉታል፣ ትምህርትን መንደፍ። አሜሪካ ውስጥ በ1984 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ካስት የተባለው ተቋም መጀመሪያ ሥራው የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች መጻሕፍትን በኮምፒዩተር እያስተካከሉ ማቅረብ ነበር። ቆይተው ግን ልጁን ትተው መጽሐፉን መመርመር ያዙ፤ ጉድለቱ ያለው ትምህርቱ ላይ ነው አሉ። ሐሳቡን የተዋሱት ከሕንፃ ነው። ሮናልድ ሜስ የተባለው አርክቴክት በልጅነቱ ፖሊዮ የያዘው፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ነበር፤ ሕንፃ ሲታቀድ ጀምሮ ለሁሉም ይታሰብ ያለው እሱ ነው። ደረጃ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መወጣጫ መለጠፍ ምን ያህል እንደሚያስቸግር፣ እንደሚያስወጣም፣ ሕንፃ ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሙያውን በኮርስ ተማርኩት፤ ያስተማረኝ ግን ተማሪው ነው። መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውን ስታይ ስላይዱ ያመልጣት ነበር፤ ስላይዱን ስታይ አስተርጓሚው። ከእሷ በኋላ ስላይድ ገልጬ ዝም ማለትን ለመድኩ። ሌላው ተማሪዬ ከገጠር የመጣ ነው፤ ጥቅል እየገዛ 300 ሜጋ ባይት የሚበላ ቪዲዮዬን ማውረድ አይችልም። እሱን ሳውቅ ትምህርቱን በድምፅና በጽሑፍ አሳጥሬ በቴሌግራም መላክ ጀመርኩ። ሌሎቹ ተማሪዎችም የወደዱት ይህንኑ ሆነ፤ ታክሲ ውስጥ ያዳምጡታል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ 24ኛው አንቀጽ አካቶ ትምህርትን መብት ያደርገዋል። መብቱ የሚፈጸመው ግን መምህሩ ማታ ቤቱ ተቀምጦ ፋይል በሚያዘጋጅባት ሰዓት ነው። ኮምፒዩተር መግዛት ያስፈልጋል፤ ግዙልን። ስክሪን ሪደር የማያነበው ምስል ብቻ የጫንበት ኮምፒዩተር ግን ለዓይነ ስውር ልጅ ባዶ ሳጥን ነው።

ያ ተማሪዬ ዛሬ ራሱ መምህር ነው። አዲስ ሞጁል በጨረስኩ ቁጥር ከማስረከቤ በፊት ለእሱ እልክለታለሁ። ባለፈው ሳምንት የላክሁለትን መልሶልኛል፤ ገጽ 14 ላይ ያለው ሰንጠረዥ አልተነበበለትም። እሱን እያስተካከልኩ ነው።