ካሜኦ

«ፒአር 69 ዲካም»። በዴንቨር ወይም በኦሮራ የሳንቲም መደብር ይህን በፕላስቲክ መያዣ ላይ ያነበበ ሰው ዓይኑን ቁጥሩ ላይ ይጥላል። ለእኔ ውበቱ ያለው ከቁጥሩ ኋላ ባሉት ፊደላት ነው።

«ፒአር» ማለት ፕሩፍ ነው፤ ፕሩፍ ለሰብሳቢዎች ተብሎ በጥንቃቄ የሚመታ ሳንቲም ነው። ያልታተመው ክብ ብረትም ማተሚያውም ይወለወላሉ፤ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲመታ ሜዳው መስታወት ይሆናል። ማተሚያው ላይ ምስሉ የተቀረጸበት ክፍል ግን ሆን ተብሎ እንዲሻክር ይደረጋል፤ ዛሬ ይህን የሚሠራው ሌዘር ነው። የሚወጣው ምስል ውርጭ ያረፈበት ይመስላል። ይህ ነጣ ያለ ምስል ከጥቁሩ መስታወት ተነጥሎ ሲታይ ካሜኦ፣ በሁለቱም ገጾች እጅግ ሲጎላ ዲፕ ካሜኦ ይባላል፤ «ዲካም» የዚሁ ምህጻር ነው።

እስከ 70 የሚደርሰው ቁጥር በዋናነት የሚነግረን ስለ ጉድለትና ጭረት ነው። ስለዚህ ካሜኦ የሌለው 69 ከዲፕ ካሜኦ 67 በዋጋ ሊያንስ ይችላል፤ በተለይ በድሮዎቹ። የድሮ ማተሚያ ሻካራነቱን ከጥቂት ምት በኋላ ያጣ ነበርና።

የዴንቨር ማምረቻ ከ1906 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳንቲም ቢመታም ፕሩፍ እምብዛም አልሠራም፤ ያ በአብዛኛው የሳን ፍራንሲስኮ ሥራ ነው። የዴንቨር ምልክት የሆነው «ዲ» ፊደል ያለበትን የ1984ቱን የኦሊምፒክ የ10 ዶላር ወርቅ ፕሩፍ የምወደው ለዚህ ነው።

እቤታችሁ ፕሩፍ ካለ አደራ፣ በጨርቅ አትወልውሉት፤ መስታወቱ ይጫራል፣ ውርጩም ይጠፋል።