አንድ ስም፣ ብዙ አበባ
በኢትዮጵያ ደጋ አበቦች መካከል የዝርያ ወሰን እንዴት እንደተሠመረ

በጳጉሜን መጨረሻ ቀኖች የሃያ ሁለት ማዞሪያ የመንገድ ዳር ቢጫ ይለብሳል። ስሙን ከአንበሳ አውቶቡስ 22 ቁጥር መስመር ያገኘው ይህ ሠፈር ዛሬ በፎቅና በሱቅ የተጨናነቀ ቢሆንም፣ ዘመን መለወጫ ሲቃረብ ከከተማው ዳርቻ በሌሊት የተነሡ ሴቶችና ልጆች እንግጫውንና አደዩን በእቅፍ በእቅፍ አስረው ይደርሳሉ። ገዢው በዋጋው ይከራከራል እንጂ በስሙ አይከራከርም፤ ሁሉም አደይ አበባ ነው። ይሁንና ያንኑ እቅፍ ፈትቶ ዘንጉን አንድ በአንድ ለሚመረምር የዕፅዋት ሊቅ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይሆንም። አንዱ ቢደንስ ማክሮፕቴራ፣ ሌላው ቢደንስ ፓኪሎማ፣ ሌላው ደግሞ ቢደንስ ፕሬስቲናሪያ ሊሆን ይችላል። ከዚህም አልፎ ከሩቅ ሲታይ አደይ የሚመስለው በየእርሻው ዳር የሚበቅለው መጭ ጨርሶ የሌላ ወገን ተክል ነው።

እነዚህን ወሰኖች ማን ሠመራቸው? በምን መሣሪያ? በቅርብ ዘመን የመጣው የዘረመል ምርመራስ አጸናቸው ወይስ አፈረሳቸው? ታሪኩ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ይጠጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች አገሩን በእግር ያቋረጡ መንገደኞች ነበሩ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 በአደረገው ጉዞ ስሜን ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጠውን፣ በውርጭ መካከል ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ጅብራ አየ፤ ናሙናም ወሰደ። የፍራንክፈርቱ ሊቅ ፍሬዜኒዩስ በ1838 ያን ናሙና ሲመረምር ተክሉ ከሚያውቀው ሁሉ የተለየ ሆኖ ስለታየው ራሱን የቻለ አዲስ ወገን ፈጠረለት፤ ሪንኮፔታሉም ሞንታኑም አለው። ሌሎች በኋላ ቱፓ ወደሚባለው ወገን አዛወሩት። በ1877 እንግሊዛዊው ሄምስሊ ሎቤሊያ ወደሚባለው ትልቅ ወገን አስገብቶት ሎቤሊያ ሪንኮፔታሉም የሚለውን ዛሬም የሚጠራበትን ስም ሰጠው። በአርባ ዓመት ጊዜ ውስጥ ተክሉ አንዲት ቅጠል ሳይለውጥ ሦስት ቤት ለወጠ ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ዝቅ ባለው የደን ጠርዝ ላይ የሚበቅለው ወንድሙ ሎቤሊያ ጊቤሮዋ ይባላል፤ ከላቲኑ ልብስ ሥር ያለው «ጅብራ» የሚለው የአገሩ ስም መሆኑ ለአማርኛ ጆሮ አይሰወርም።

ከሁሉ የበለጠ ናሙና የሰበሰበው ግን በ1837 ገብቶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1878 ድረስ ኑሮውን በሰሜን ኢትዮጵያ ያደረገው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። የሺምፐር የደረቁ ቅጠሎች በየአውሮፓው መዘክር ተበታተኑ፤ ዛሬ በዕፅዋት መጻሕፍት ውስጥ «ሺምፐሪ» የሚለውን ቅጽል ያልያዘ ገጽ ማግኘት ያስቸግራል። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻርም ከ1847 እስከ 1851 ባወጣው ታላቅ የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ብዙ ዝርያዎችን በስም መዘገበ።

ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ጉድለቱ ግን በመሣሪያው ውስጥ ነበረ። ስም ሰጪው በፓሪስ ወይም በፍራንክፈርት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚያየው አንድ ወይም ሁለት የደረቀ ዘንግ ብቻ ነው። ቁመቱን አላየም፣ ቀለሙ ጠፍቶበታል፣ ያው ተክል በጥላና በፀሐይ፣ በእርጥብና በደረቅ መሬት ላይ ምን ያህል መልኩን እንደሚለውጥ አያውቅም። አንድ ቀያሽ በሁለት ነጥብ ብቻ የአንድን አገር ካርታ ሊያነሣ አይችልም፤ የዚያ ዘመን ሊቃውንት ግን እንዲህ ከማድረግ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም። ከዚህ የተነሣ አንዱ ተክል ሁለት ሦስት ስም ሲያገኝ፣ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ደግሞ በአንድ ስም ይጠሩ ጀመር። ይባስ ብሎ በ1943 በበርሊን ላይ በወረደው ቦምብ የከተማይቱ የዕፅዋት መዘክር ሲቃጠል፣ ከኢትዮጵያ ከሄዱት ናሙናዎች ስንቱ አብሮ ጠፋ። የወሰን ድንጋዩ ራሱ ጠፋ ማለት ነው።

ሥራው ወደ አገሩ የተመለሰው ቆይቶ ነው። ዛሬ አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በ1959 ተቋቋመ። በ1980 ደግሞ በስዊድን መንግሥት እርዳታ፣ ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ የኢትዮጵያ ዕፅዋት መጽሐፍ ፕሮጀክት ተጀመረ። በአዲስ አበባ በኩል በመጀመሪያ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኋላም ሰብስቤ ደምሰው የመሩት ይህ ሥራ በ2009 በስምንተኛው ቅጽ ተጠናቀቀ። በመካከሉ መንግሥት ተለውጧል፣ ጦርነት አልፏል፤ ሰብሳቢዎች በየተራራው ሲወጡና ሲወርዱ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሥራው አልተቋረጠም። እንዲህ ያለ ርዝመት ያለው ሥራ ተጀምሮ ሲፈጸም ማየት በአገራችን ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

አደይን በሚመለከት የወሰኑን ጉዳይ መልክ ያስያዘው በ1984 በኡፕሳላ የታተመው የመስፍን ታደሰ ጥናት ነው። ክርክሩ የቆየ ነበር። ቢደንስ ማለት በላቲን «ባለ ሁለት ጥርስ» ማለት ነው፤ ይኸውም ፍሬው በልብስ ላይ የሚጣበቁ ሁለት ጥርስ መሰል እሾሆች ስላሉት ነው። ማክሮፕቴራ ደግሞ «ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ፍሬው ክንፍ ያለው ከሆነ ደግሞ የጥንቶቹ ሊቃውንት፣ በተለይም በ1930ዎቹ ሁለቱንም ወገን ያጠናው አሜሪካዊው ሸርፍ፣ ኮሬዮፕሲስ ወደሚባለው ጎረቤት ወገን ይመድቡት ነበር። መስፍን ብዙ ናሙና፣ በዱር የቆመውን ተክል ጭምር አይቶ ክንፍ ብቻውን ወሰን ሊሆን አይችልም አለ፤ ከ1984ቱ ሥራ ጀምሮ እስከ 1993 ድረስ የአፍሪካን ኮሬዮፕሲሶች ወደ ቢደንስ መለሳቸው። ይህ ፍርድ በዓይንና በማጉያ መነጽር ብቻ የተሰጠ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ2000 እና በ2004 የታተሙ የዘረመል ጥናቶች ሁለቱ ወገኖች በባሕላዊ ትርጉማቸው እርስ በርስ የተጠላለፉ እንጂ በንጹሕ መሥመር የተለዩ እንዳልሆኑ አሳዩ። ዓይን ቀድሞ ያየውን ላቦራቶሪ ተከትሎ መሰከረ፤ ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም።

ኑግን እንውሰድ። ኑግ ለኢትዮጵያ ቤት ሁሉ የታወቀ የዘይት ምንጭ ነው፤ በላቲን ስሙ ጉይዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል። በ1974 ዴንማርካዊቷ ባጎ ይህን ወገን መርምራ ስድስት ዝርያ ቆጠረች፤ ከስድስቱ አምስቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ። መጭ የሚባለውን ጉይዞቲያ ስካብራን ደግሞ ከሁለት ንዑስ ዝርያ ከፈለችው። አንደኛው ከዓመት ዓመት የሚቆይ፣ ባልታረሰ መስክ የሚበቅል ነው። ሁለተኛው፣ የሺምፐርን ስም የተሸከመው፣ በአንድ ዓመት የሚያልቅ የማሳ አረም ነው። ከኑግ ጋር የተገኘ ሰሊጥ አብሮ ይወቀጣል እንደሚባለው፣ ይህኛው መጭም ከኑጉ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ አብሮ ይታጨዳል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክፍሌ ዳኘ በ1990ዎቹ የእነዚህን ተክሎች ክሮሞሶም በማጉያ ሥር ቆጠረ፣ እርስ በርሳቸውም አዳቀለ። ቁጥሩ 30 ነው፤ በቁጥር ረገድ ኑግን ከመጭ የሚለይ ነገር አልተገኘም። የማዳቀሉ ውጤት ግን ኑግና የማሳው መጭ እጅግ የቀረበ ዝምድና እንዳላቸው አመለከተ። በ2007 እና በ2010 በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችና በውጭ ባልደረቦቻቸው የታተሙት የዲ ኤን ኤ ጥናቶችም ነገሩን ከዚህ በላይ ወሰዱት። የማሳው መጭ በአንድ ስም ከሚጠራበት ከመስኩ መጭ ይልቅ ለኑግ የቀረበ ሆኖ ታየ፤ ኑግ ራሱ ገበሬው በምርጫ ብዛት ከዚያ አረም ያወጣው ሰብል ነው የሚለው አስተያየትም ተጠናከረ። በተሰበሰቡበት ቦታ ስም ብቻ ይጠሩ የነበሩ፣ ላቲን ስም ያልነበራቸው ሌሎች ሁለት ዓይነቶችም ከዚሁ ምርመራ ገቡ።

ይህ የስም ጨዋታ ብቻ አይደለም። የኑግን ምርት ለማሻሻል የሚደክም አዳቃይ የጎደለውን ጠባይ የት ሄዶ ይፈልግ? ካርታው የመስኩን መጭ ቢያሳየው ወደዚያ ይሄዳል፤ የማሳውን ቢያሳየው ወደዚህ። አርሶ አደሩ ነቅሎ የሚጥለው አረም የሰብሉ የቅርብ ዘመድ ከሆነ፣ በዘር ባንክ ውስጥ ስፍራ ሊሰጠው ይገባል ማለት ነው።

አሁን ወደ ተራራው ጫፍ እንውጣ። የኢትዮጵያና የምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ሜዳና ቆላ የከበባቸው ደሴቶች ናቸው። ስዊድናዊው ኡሎቭ ሄድበርግ በ1957 ያወጣው የእነዚህ ተራሮች ዕፅዋት መጽሐፍ ለብዙ ዘመን የሁሉ መነሻ ሆኖ ኖረ። ሄድበርግን ያስጨነቀው ጥያቄ ይህ ነበር፤ በሁለት ተራራ ላይ ያሉ፣ የሚመሳሰሉ ነገር ግን አንድ ያልሆኑ ተክሎች ሁለት ዝርያ ናቸው ወይስ የአንድ ዝርያ ሁለት ቤተሰብ? በ2000ዎቹ የኦስሎ፣ የአዲስ አበባና የሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦች ይህንኑ ጥያቄ በአዲስ መሣሪያ ያዙት። ሥራው ከተራራው ላይ ይጀምራል፤ ቅጠሉ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ውስጥ ወዲያው ይደርቃል፣ ከዚያም በላቦራቶሪ የዘር ቃሉ ይነበባል። አንዳንዱ ንባብ በክሎሮፕላስት ላይ ያተኩራል። ይህ የቅጠሉን አረንጓዴነት የሚሰጠው ክፍል በአብዛኛው ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ ዘሩ በየት በየት እንደተጓዘ የሚናገር የጉዞ መዝገብ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል በ2007 የወጣው የአራቢስ አልፒና ጥናት በተለይ የሚነገርለት ነው። ትንሽ ነጭ አበባ ናት፤ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ ጀምሮ በአልፕስ አልፋ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ትገኛለች፣ ለዓይን ሁሉም ቦታ አንድ ናት። ቀድሞ ከእጅግ ሩቅ ዘመን የቀረች ተብላ ትገመት ነበር። ከ11 ተራሮች የተወሰደው ዲ ኤን ኤ ግን በበረዶው ዘመን ሁለት ጊዜ፣ በሁለት የተለያዩ ጉዞዎች አፍሪካ እንደገባች አሳየ። አንደኛው ሐረግ በአፍሪካ ተራሮች ላይ በሰፊው ተሰራጭቷል። ከእስያ በኋላ የመጣው ግን በስሜንና በሐረርጌው ጋራ ሙለታ ብቻ ተገኘ። እነዚህ ሁለቱ ለዓረብ ምድር የቀረቡ፣ ነገር ግን በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ የቆሙ ተራሮች ናቸው። ዘሩ ያን ሁሉ ቆላ እንዴት ተሻገረ? ተመራማሪዎቹ በረጅም ርቀት ዝላይ ነው ብለው ደመደሙ። ነፋስ ይሁን ወፍ፣ ድልድይ ሳይኖር ወንዝ የተሻገረ መንገደኛ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ ዝርያ አለ ወይስ ሁለት? በመጻሕፍቱ አሁንም አንድ ናት፤ ይህም ትክክል ይመስላል። የዘር ሐረግ መለየት ብቻውን የዝርያ ወሰን ሊሆን አይችልም፤ አለዚያ በየተራራው የተለየ ነገር በተገኘ ቁጥር አዲስ ስም መስጠት ሊቆም አይችልም። በሌላ በኩል ኤርንስት ማየር በ1942 ያስፋፋው፣ እርስ በርስ የሚዋለዱ ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው የሚለው ሕግ ቢጠበቅ ኑግና የማሳው መጭ በአንድ ስም ሊጠሩ ይገባ ነበር። ይህን ደግሞ የትኛውም ገበሬ አይቀበለውም። ዘረመል ከምስክሮች አንዱ ነው፤ ዳኛ ተደርጎ ሲቀመጥ ይሳሳታል።

ምስክርነቱ ክብደት የሚያገኝበት ቦታ ግን አለ። በዚያው በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት የሎቤሊያ ጊቤሮዋ ተክሎች በአብዛኛው ከተራራ ተራራ በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። በስም አንድ ቢሆኑም የአንዱ ተራራ ቢጠፋ የሌላው አይተካውም ማለት ነው። በስሜን፣ በባሌ፣ በጮቄና በጓሳ ከፍታዎች ላይ የሚቆመው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ትልቁ ጅብራም ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት። ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያም ይሞታል። በ2016 ደሳለኝ ጫላና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ የአየር ሙቀቱ በከፋው ግምት መሠረት ቢጨምር፣ በያዝነው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ለዚህ ተክል የሚስማማው ቦታ እጅግ በጣም ጥቂት እንደሚሆን፣ ከቦታው ጋርም አብዛኛው የዘር ሀብቱ እንደሚጠፋ ተተንብዮአል። ተክሉ ሙቀቱን ሸሽቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከጫፉ በላይ ግን ተራራ የለም። ዝርዝር ውስጥ «አንድ ዝርያ፣ በብዙ ተራራ የሚገኝ» ተብሎ የተጻፈ ተክል ለጥበቃ ሹም አሳሳቢ አይመስልም፤ በየተራራው ያለው የተለየ ሀብት ሲጻፍ ግን ሒሳቡ ይለወጣል።

ወሰን ማካለሉ ዛሬም አላበቃም። በ2004 የታተመው፣ መስፍን ታደሰ የጻፈው የአደይና የኑግ ቤተሰብ ቅጽ፣ የተራራ ኮሸሽላዎችን ካርዱዉስና ሲርሲዩም በሚባሉ የታወቁ ወገኖች ሥር አስቀምጧቸው ነበር። በ2023 የወጣ የዘረመል ጥናት ግን የአፍሪካ ተራራ ኮሸሽላዎች ከአውሮፓ ስመ ሞክሼዎቻቸው የተለዩ መሆናቸውን ገልጾ፣ አፍሮካርዱዉስ፣ አፍሮሲርሲዩምና ኑሪያያ የሚባሉ ሦስት አዳዲስ ወገኖች አቋቋመ። በሄርባሪየም ልማድ እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ የድሮው ስም አይፋቅም፤ አዲሱ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ቀኑና የመርማሪው ስም ተጨምሮበት፣ በዚያው ገጽ ላይ ከበፊተኛው አጠገብ ይለጠፋል። ስለዚህ በአንድ የደረቀ አበባ ጎን ሦስትም አራትም ወረቀት ተደርድሮ ይገኛል፤ የመጀመሪያው በሰብሳቢው እጅ በቀለም የተጻፈ፣ የመጨረሻው በማተሚያ የወጣ።