የድረ ገጽ ማልሚያ ማዕቀፍ መጠቀም ተገቢ የሚሆነው መቼ ነው?

የመንግሥት ተቋማት ድረ ገጽ ሲያስለሙ በቅድሚያ ከሚወሰኑ ጉዳዮች አንዱ ተገልጋዩ የሚያየው የገጹ ክፍል በማዕቀፍ (በተለምዶ ፍሬምወርክ በሚባለው) ይሠራ ወይስ አይሠራ የሚለው ነው። ማዕቀፍ አልሚዎች ሁሉንም ከመነሻው እንዳይጽፉ አስቀድሞ የተዘጋጀ የኮድ ስብስብና የአሠራር ሥርዓት ነው። አንጉላር፣ ቪው እና ሪአክት በስፋት ይታወቃሉ፤ ሪአክት ራሱን ላይብረሪ ብሎ ቢጠራም በአጠቃቀሙ ከዚሁ ጎራ ይመደባል።

ማስታወቂያ፣ መመሪያና ዜና የሚነበብበት ገጽ በኤችቲኤምኤልና በሲኤስኤስ፣ ካስፈለገም በጥቂት ጃቫስክሪፕት በሚገባ ይሠራል። በበርካታ ደረጃዎች የሚሞላ ማመልከቻ ወይም አንድ መረጃ ሲቀየር ሌሎች ክፍሎች አብረው የሚለወጡበት የክትትል ሰሌዳ ሲሆን ግን የማዕቀፉ ጥቅም ይጎላል፤ ይህን ያለ ማዕቀፍ ማቀናጀት ለስሕተት ያጋልጣል።

በማዕቀፍ የሚሠሩ ብዙ ገጾች ይዘታቸውን የሚያሳዩት ጃቫስክሪፕቱ በተገልጋዩ ስልክ ላይ ወርዶ መሥራት ሲጀምር ነው። ኔትወርኩ ደካማ ከሆነ ተገልጋዩ ባዶ ገጽ ይጠብቃል፤ ፋይሉ መውረዱ ከተቋረጠም የፈለገውን መረጃ ሳያገኝ ይቀራል። ይዘቱን በሰርቨር አዘጋጅቶ መላክ ችግሩን ያቃልላል፤ ሆኖም ክትትል የሚሻ ተጨማሪ ሥርዓት ይፈጥራል። የብሪታንያ መንግሥት የጋራ ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በ2022 ጄኪውሪ የተባለውን ላይብረሪ በማስወገድ ለተጠቃሚው የሚላከውን የጃቫስክሪፕት መጠን ቀንሷል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ከርክክብ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ያደረገው አንጉላር ጄኤስ ለዚህ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው አንጉላር 2 እንደ አዲስ የተጻፈ በመሆኑ የቀድሞው ኮድ እንዳለ ሊሸጋገር አልቻለም፤ የአንጉላር ጄኤስ ድጋፍም እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ተቋረጠ። የቪው 2 ድጋፍም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አብቅቷል። እንዲህ ያለው ገጽ ወዲያው ሥራውን አያቆምም፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለሚገኙ የደኅንነት ክፍተቶች መደበኛ ማስተካከያ አይወጣም። አደጋው ከውጭ ስለማይታይ ብዙ ጊዜ ቸል ይባላል።

በመሆኑም በጨረታ ሰነድ ላይ የማዕቀፍ ስም ከመጥቀስ ይልቅ ገጹ በደካማ ኔትወርክ ሊሰጥ የሚገባውን አገልግሎትና የማሻሻያው ሥራ በማን ወጪ እንደሚከናወን መግለጽ ይበጃል። ምንጭ ኮዱ ለተቋሙ እንደሚተላለፍም በውሉ ሊካተት ይገባል። በተቋሙ የአይሲቲ ክፍል ማዕቀፉን የሚያውቁ ቢያንስ ሁለት ባለሙያዎች ከሌሉ ቀላሉን አማራጭ መምረጥ ይመከራል፤ አንድ ብቻ ከሆነ እርሱ ሥራ በለቀቀ ማግስት ገጹን የሚያስተካክል ሰው አይኖርም።