ጌሳውና የጓሳው ሕግ

የአንድ አካባቢ ታሪክ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ንጉሥ ነው። የመንዝን ታሪክ ግን ከሣር መጀመርም ይቻላል።

ጓሳ የሚባለው የመንዝ ደጋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ይላል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ስሙን ያገኘበት የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ እረኛው ከዝናብና ከብርድ ለሚከለልበት ጌሳም ይሆናል። ይህን ሣር ሕዝቡ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለ400 ዓመታት ያህል ጠብቆታል። የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቃ ይመርጣሉ፣ ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ከዚያ ውጪ ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ያስቀጣል።

መንዝ ውስጥ ባየኋት አንዲት ጠባብ የባህል ማሳያ ክፍል ከጦሩ፣ ከጋሻውና ከሱፍ ባናው አጠገብ ጌሳ ተሰቅሏል። ሥሩ ያለችው ወረቀት «ጌሳ፣ የዝናብ ልብስ» ትላለች፤ በቃ። ዕቃው አለ፣ ያቆየው ሕግ ግን የለም።

ሕጉ ቢጻፍ ደግሞ ሙሉው ይጻፍ እላለሁ። ቀሮ ሣሩን ጠብቋል፤ ግን መብቱ በዘር የሚወረስ ስለነበር ከሁለቱ ዘሮች ውጪ ያለው ሰው ድርሻ አልነበረውም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን በዘር የተያዘ መብት ሲሽር፣ ለተገፋው ሰው ፍትሕ ነበር። ጠባቂው ሥርዓትም አብሮ ፈረሰና ሣሩ ተጎዳ። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱን ብቻ የሚናገር ሙዚየም ወይ ናፍቆት ይሸጣል ወይ ፕሮፓጋንዳ።

ኋላ ላይ ነዋሪዎቹ በዘር ሳይሆን በቀበሌ ተወክለው ጥበቃውን እንደገና አደራጁት፤ ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። ማለትም የጥንቱን መዝጋትና መክፈት ይዘው፣ ማን ይገባል የሚለውን ቀየሩት። ለእኔ ከየትኛውም ዘውድ በላይ የሚያስገርመው ይሄ ነው።

አሁን ክዳኑን ቆርቆሮ፣ ጌሳውን ላስቲክ እየተካው ነው። ሣሩን በየቀኑ የማይፈልግ ትውልድ ለምን እንደሚጠበቅ የሚነግረው ይፈልጋል። ትንሽ ሙዚየም ለዚህ ይጠቅማል፤ ወጪውም አንድ ገጽ ወረቀትና የሚያውቁትን አዛውንቶች ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነው።