ስለ ሁለቱ የቻይና አየር መንገዶች ስም

ኤር ቻይናና ቻይና ኤርላይንስ የሚባሉት ሁለት ኩባንያዎች ስማቸው ወደ አማርኛ ሲመለስ አንድ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለቱም «የቻይና አየር መንገድ» ናቸው። የፊተኛው መቀመጫ ቤይጂንግ፥ የኋለኛው ታይዋን ነው። እንደ እኛ አስተያየት ይህ መመሳሰል የመጣው ሁለት መንግሥታት «ቻይና» የሚለው ስም የሚገባው ለእኔ ነው እያሉ ከተሟገቱበት ዘመን ስለ ሆነ፥ ኩባንያዎቹን በታሪካቸው መለየት ይሻላል።

የነገሩ መነሻ 1949 ነው (ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 9 ቀን የቻይና ብሔራዊ አቪዬሽን ኮርፖሬሽንና የሴንትራል ኤር ትራንስፖርት ኮርፖሬሽን ሹማምንት ለአዲሱ የኰሚኒስት መንግሥት አደሩና 12 አይሮፕላኖች ከሆንግ ኮንግ አስነሥተው ወደ ቻይና ወሰዱ። 71 አይሮፕላኖች ግን እዚያው ቀሩ። የተሸነፈው የብሔርተኞች መንግሥት እነዚህን ሼኖልትና ዊላወር ለተባሉ አሜሪካውያን ሸጣቸው፤ የኩባንያቸውም ስም ሲቪል ኤር ትራንስፖርት ነበረ። እንግዲህ ክርክሩ ሲከፈት ከሳሹ «ሲቪል»፥ ተከሳሹ «ሴንትራል» ሆኑ። መዝገቡን ለሚያነብ ተማሪ ይህ ምን ያህል እንደሚያደናግር መገመት አያዳግትም! የሆንግ ኮንግ ፍርድ ቤቶች የከሳሹን ጥያቄ ሳይቀበሉት ቀሩ። በ1952 ግን ለንደን ያለው የፕሪቪ ካውንስል የይግባኝ ሸንጎ ለከሳሹ ፈረደለት፤ ሽያጩ የተፈጸመው በዲሴምበር 1949 ሲሆን፥ እንግሊዝ ለቤይጂንግ መንግሥት ዕውቅና የሰጠችው በጃንዋሪ 1950 ነበረና።

ቻይና ኤርላይንስን በ1959 ታይዋን ላይ ያቋቋሙት ከአየር ኃይል በጡረታ የተሰናበቱ መኰንኖች ናቸው። ኤር ቻይና ግን የተወለደው በ1988፥ የቤይጂንግ መንግሥት የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት የበረራውን ሥራ ለልዩ ልዩ ኩባንያዎች ባከፋፈለ ጊዜ ነው። ስለዚህ የታይዋኑ ኩባንያ የትልቁን ስም ቀዳ የሚሉ ሰዎች ነገሩን ገልብጠውታል፤ በ29 ዓመት የሚቀድመው እርሱ ነው።

በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ ታይዋን ለውጭ አገሮች የአፍ ጭምብል በርዳታ ስትልክ፥ ጭነቱ በቻይና ኤርላይንስ በመሄዱ ርዳታው የቤይጂንግ ይመስላል የሚል ቅሬታ ተነሣ። በጁላይ ወር የታይዋን ሕግ አውጪ ምክር ቤት አይሮፕላኖቹ በግልጽ የሚለዩበት መንገድ እንዲፈለግ ወሰነ። በዲሴምበር የመጣው አዲስ የጭነት አይሮፕላን «ካርጎ» በሚለው ጽሑፍ የመጀመሪያ ፊደል ውስጥ የታይዋን ደሴት ቅርጽ ተስሎበት ነበር፤ የኩባንያው ስም ግን እንደ ነበረ ቀረ።